የወፍራም ሸራ ሻንጣ ዚፕ ተበላሸ፤ መጎተቻውን ብቻ ነው ወይስ ሙሉውን ልቀይር?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከወፍራም ናይለን ሸራ የተሠራ የጉዞ ሻንጣ ነው። ዚፑ ከላይ በርዝመቱ ሄዶ ሁለቱም ጫፍ ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ በድምሩ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መጎተቻው ሁለት ነው። ስዘጋው ጥርሱ ከመጎተቻው ኋላ ተመልሶ ይከፈታል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጥርሱ ከጨርቁ ተላቋል። መጎተቻ ብቻ ብቀይር ይበቃል? ካልሆነስ ምን ቁጥር ዚፕ፣ ምን ዓይነት ክር? ያለኝ ተራ የቤት ስፌት መኪና ነው።

ሸራ ሰፊ
ሁለቱ ብልሽቶች ምክንያታቸው ይለያያል። ጥርሱ ከኋላ መከፈቱ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ የመጎተቻው ነበር፤ ብዙ ሲሠራ ውስጡ ይበላና ከላይና ከታች ያለው ከንፈሩ ይራራቃል፣ ጥርሶቹን አጥብቆ አያጋጥምም። ያኔ የኋላ ጎኑን ግራና ቀኝ በፒንሳ ቀስ አድርጎ መጫን ለጊዜው ይይዛል። አብዛኛው መጎተቻ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ጠንከር ካሉበት ይሰነጠቃል። ጥርሱ ከጨርቁ ከተላቀቀ ግን አዲስ መጎተቻም አያድነውም፤ ሙሉውን ይቀይሩ።

ቁጥሩን ከመጎተቻው ጀርባ ያገኙታል፤ 5፣ 8 ወይም 10 ይላል። ዚፑ ሲዘጋ ጥርሱ የሚኖረውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያሳያል። ብዙ ለሚጫንበት ሻንጣ 10 ይሁን፣ ጥርሱም እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘው ናይለን ይሁን፤ ማዕዘን ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። መጎተቻውን ከዚፑ ጋር አብረው ይግዙ። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የብረቱ፣ የፕላስቲኩና የጥምዙ መጎተቻ አይለዋወጡም። ጥርሱ ወደ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ደግሞ የራሱ መጎተቻ አለው።

ወስፌና ክር
በሜትር የሚሸጠውን ውሰድ። በየጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨምረህ 1 ሜትር ቁረጥ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ እንዳይተረተር በላይተር በጥቂቱ አቅልጠው።

ዋናው ነገር አሮጌውን ሁለቱንም ጎን በአንዴ አለመፍታት ነው። አንዱን ፈትተህ አዲሱን ስፋ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ፤ ያልተፈታው ጎን መለኪያህ ነው። ከመፍታትህ በፊት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የሻንጣውን ግራና ቀኝ አሻግሮ የሚያልፍ የጠመኔ መስመር አስምር፣ አዲሱንም ዚፕ ዘግተህ እንደዚያው ምልክት አድርግ። ይህን የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ አንዱ ጎን ረዝሞበት ዚፑ ይኮማተርበታል። መኪናው የታችኛውን ጨርቅ ከላይኛው አብልጦ ስለሚስብ ነው። ሁለቱንም ጎን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መስፋትም ለዚሁ ይረዳል።

ክሩ ወፍራም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል። መርፌ 18፣ የስፌቱ እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር፣ እግሩ የዚፕ እግር። የመጀመሪያው መስመር ከጥርሱ 7 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ መጎተቻው የሸራውን እጥፋት እየነከሰ ይሄዳል። ሁለተኛው መስመር በዚፑ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ይለፍ። ውስጡ የተቀባ ሸራ ላይ እስፒል አትጠቀም፣ ቀዳዳው አይደፈንም። በሁለት ፊቱ የሚጣበቅ ቀጭን ፕላስተር ይሻላል።

ማዕዘኑ ላይ የዚፑን ጨርቅ ጠርዝ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብጣው፣ ግን መቀሱ የመጀመሪያው ስፌት መስመር ላይ አይድረስ።

መጎተቻዎቹን አንድ አንድ አድርገህ በሁለቱ ጫፍ አስገባ፣ ሁለቱም በባለ ሁለት አፍ ጎናቸው። ሲዘጋ ባለ ሁለት አፍ ጎናቸው ፊት ለፊት መግጠም አለበት።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ማዕዘኑ ላይ ሸራው አራት እጥፍ ነው፣ መኪናዬ የሚበሳው አይመስለኝም።

ድርብ ስፌት
በሞተር አትሞክረው፤ መርፌው ተለምጦ ብረቱን ይመታና ይሰበራል። ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ካለፈ እሰየው፣ ካላለፈ ያንን ክፍል በእጅ ስፋው። የድሮው ስፌት ቀዳዳ ስላለ ሸራውን አዲስ መብሳት አያስፈልግም፤ የዚፑን ጨርቅ ብቻ በወስፌ ተከተል። ክሩን የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍና ትንሽ ትርፍ አድርገህ ቁረጥ (ለ20 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር)፣ ሰም ቀባው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ሰካ። አንዱ መርፌ ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ በዚያው ቀዳዳ ይተላለፋሉ። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል፣ የመኪና ስፌት ግን እንዲህ አይደለም። ሁለተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ክር እንዳይበሳው ተጠንቀቅ፤ ከበሳው ስፌቱ አይጠብቅም።

በፕላስተሩ አልስማማም። መርፌው ካለፈበት ሙጫው ይይዘውና ስፌት መዝለል ይጀምራል። በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ማያያዝ ይሻላል፣ እሱም በዋናው ስፌት መስመር ላይ እንጂ በሌላ ቦታ አይሁን።

የዚፑን ጫፎች አግድም ደጋግመህ ከመስፋትህ በፊት መጎተቻዎቹን ከዳር እስከ ዳር ብዙ ጊዜ አመላልሳቸው። ጠምሞ የገባ መጎተቻ ካለ አሁን ይወጣል፤ ጫፉ ከተሰፋ በኋላ ግን መተርተር ነው።