«2 በመቶ ኒያንደርታል» የሚለው ውጤት ምን ይነግረናል?

ጠያቂ፦
አንድ ወዳጄ የዘረመል ምርመራ አድርጎ «2 በመቶ ኒያንደርታል» የሚል ውጤት ከደረሰው ወዲህ ግልፍተኛነቱንም ሆነ የቅንድቡን መግዘፍ በዚሁ ማሳበብ ጀምሯል። እኔን ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። የእኛና የኒያንደርታሎች (ከምድር የጠፉት ጥንታዊ የሰው ዘሮች) ዲኤንኤ ከ99 በመቶ በላይ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ይህ 2 በመቶ ከየት መጣ? ወይስ ከስድስት ትውልድ በፊት ኒያንደርታል የሆነ አንድ ቅድመ አያት ነበረው ማለት ነው?

አጥንት ቆፋሪ፦
ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ነገር ይለያያል። 99 በመቶው መመሳሰልን ይመለከታል፤ ሁለቱ የሰው ዘሮች ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከአንድ ምንጭ ስለተለያዩ፣ አንዳችም መዳቀል ባይኖር እንኳ መመሳሰላቸው አይቀርም ነበር። 2 በመቶው ግን ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ዳግም ሲገናኙ በተወለዱ ልጆች በኩል የተላለፈውን ውርስ ይገልጻል።

የስድስት ትውልዱ ግምት በሒሳብ ያስኬዳል፤ በዚያ ደረጃ ካሉት 64 ቅድመ አያቶች የአንዱ ድርሻ 1.6 በመቶ ያህል ነውና። ይሁን እንጂ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ውርሱ በጥቂት ረጃጅም ቁራጮች ይገኝ ነበር። በሩማንያ ኦአሴ ዋሻ የተገኘው፣ 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የመንጋጋ አጥንት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከዲኤንኤው ከ6 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው የኒያንደርታል ሲሆን፣ ከቁራጮቹ ርዝመት በመነሣት ኒያንደርታሉ ቅድመ አያት ከአራት እስከ ስድስት ትውልድ ብቻ እንደሚርቀው ታውቋል። የወዳጅዎ ውርስ ግን በሺህ ከሚበልጡ ትውልዶች በኩል ሲያልፍ ተቆራርጦ በጂኖሙ (በጠቅላላ ዲኤንኤው) ሁሉ ተበትኗል።

የላብራቶሪ ሰው፦
መቶኛው ራሱም ብዙ አይናገርም። እኩል 2 በመቶ ያላቸው ሁለት ሰዎች የወረሷቸው ቁራጮች በአመዛኙ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዛሬ ሰዎች ውስጥ ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ ከኒያንደርታል ጂኖም ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ይሸፍናሉ። በክሮሞዞም 3 (ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ከሚገኝባቸው ዘንጎች በአንዱ) ላይ ያለ አንድ የኒያንደርታል ቁራጭ በኮቪድ-19 በጽኑ የመታመምን አደጋ እንደሚጨምር በ2020 ታውቋል፤ በደቡብ እስያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ፣ በአውሮፓ ደግሞ 16 በመቶ ያህሉ ይህን ቁራጭ ይዟል። አንድ ሰው ይህን ቁራጭ መያዝ አለመያዙ ከጠቅላላ መቶኛው አይታወቅም። ለግልፍተኛነቱማ ሌላ ሰበብ ቢፈለግ ይሻላል።

ሌላ መላሽ፦
«አፍሪካውያን ከኒያንደርታል ምንም አልወረሱም» የሚለውም መታረም አለበት። የቀድሞ የስሌት ዘዴዎች አፍሪካውያንን ከኒያንደርታል ውርስ ነጻ የሆነ ማነጻጸሪያ አድርገው ስለሚነሡ፣ የሚያገኙት ባዶነት በከፊል ራሳቸው ያስቀመጡት ነበር። በ2020 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ያለዚያ ማነጻጸሪያ ሲያሰሉ፣ በአፍሪካውያን ጂኖም ውስጥ በአማካይ 0.3 በመቶ ያህል አግኝተዋል፤ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ጥንታውያን ፍልሰተኞች ናቸው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በእናት ወገን ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ ማስመርመርስ ይጠቅማል?

አጥንት ቆፋሪ፦
ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። በሕይወት ባሉ ሰዎች ውስጥ እስካሁን የኒያንደርታል ማይቶኮንድሪያም ሆነ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም አልተገኘም፤ ውርሱ ያለው በተቀሩት ክሮሞዞሞች ላይ ነው።