ወረቀት የሌለው ታካሚ፤ እያዘንኩም እየተናደድኩም ነው

ተረኛዋ (አዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ትግርኛ ከእናቴ ስለያዝኩ ሌላ ቋንቋ የማይችል ትግርኛ ተናጋሪ በመጣ ቁጥር፣ ተረኛ ሆንኩም አልሆንኩም፣ የምጠራው እኔ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ኤርትራዊ ልጅ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መጣ። መታወቂያ የለው፣ የስደተኛ ወረቀት የለው፣ አስታማሚ የለው። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተርፏል፣ ተመስገን። አሁን የቀረው ሂሳቡ ነው። ሂሳብ ክፍል «ውጭ አገር ዘመድ ካለው አውጣጪው» ይለኛል፣ ልጁ ደግሞ «እህቴ፣ ለፖሊስ እንዳትነግሪብኝ» እያለ እጄን ይይዛል።

አንጀቴን ይበላኛል። ግን እናደዳለሁም። አጠገቡ የተኙት የቦሰት ገበሬ ጤና መድህናቸውን ስላላሳደሱ ልጃቸው በሬ ሸጦ ነው የከፈለው። የዚህኛው በነፃ ሊያልፍ ነው እየተባለ ነው። አባ «ለምን?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የካርድ ክፍሉ፦
ሂሳብ ማውጣጣት ያንቺ ሥራ አይደለም፣ እምቢ በይ። ሶሻል ወርከር ካላችሁ ለእሷ አስተላልፊ። ማከሙ ላይ ምርጫ የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 በከባድ ችግር ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ማለት ያስቀጣል። የታካሚን ምስጢር ማውጣት ደግሞ አንቀጽ 399 ላይ አለ። ስለዚህ ለፖሊስ የሚለውን ፍርሃቱን አረጋጊለት።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
ሕጉ ጥሩ ነው፣ ግን ጓንትና መርፌ እያለቀ ታካሚው ከውጭ ግዛ በሚባልበት አገር «ነፃ» ሲባል የሆነ ሰው ይከፍለዋል። ንዴትሽ ትክክል ነው። ልጁ ላይ ግን አታውጪው፤ በሬውን ያሸጠው እሱ አይደለም።

ሐዋሳ ነኝ፦
እኔም በሲዳምኛ እንዳንቺው ነኝ፣ ከምሳ ሁሉ ያስነሱኛል። አንድ ነገር ልምከርሽ። ለሐኪም ስታስተረጉሚ አስተርጉሚ፣ ለገንዘብ ግን አታስተርጉሚ። ታካሚ ሂሳብ ጠያቂዋም አንቺው መሆንሽን ካየ በሽታውንም ይደብቅሻል። ደግሞ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 የጤና አገልግሎት ይፈቅዳል፣ ግን የተመዘገበ ሲሆን ነው የሚቀለው። ሲሻለው ስለ ምዝገባው ንገሪው፣ ሄዶ መመዝገቡን ለራሱ ተይለት።

ተረኛዋ፦
ገንዘቡን በተመለከተ ነገ ለሜትሮኗ፣ ለነርሶች ኃላፊዋ፣ እነግራታለሁ። የልጁ ነገር ቀለል አለኝ፣ የአባ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ለክትትል ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም። እስከዚያ መድህኑን ቢያሳድሱ ይሠራላቸዋል ወይስ ይጠብቃሉ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ልጃቸው ነገ ጠዋት ይመጣል።