ደንገሉ ለምን አልጠቆረም?

ጠያቂ (የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ስሙ እንጂ ዕቃው የለም። ከመድኃኒት ቤት አዮዲን ገዝቼ በውኃ አቀጠንሁና በተቀቀለ ድንችና በእንጀራ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ወዲያው ጠቆሩ። አባቱ ታንኳ የሚሠራ አንድ ተማሪ ደግሞ ታንኳ የሚሠራበትን ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ደረቅ ደንገል፣ ይዞ መጥቶ ነበር። በእሱ ላይ ግን አዮዲኑ ቡናማ እንደሆነ ቀረ። «መምህር፣ ደንገልም እንደ ድንቹ ከግሉኮስ (ከቀላል ስኳር) የተሠራ ነው ብለውን አልነበር?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ፕሮቲንን፣ ቅባትንና ዲኤንኤን (የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል) ደግሞ በምን ላሳያቸው? ትምህርቱ ሐሙስ ነው።

ጡረተኛው ኬሚስት፦ ልጁን አመስግኑልኝ። በድንችና በእንጀራ ያለው ስታርችም፣ የደንገሉ ክር የሆነው ሴሉሎስም የግሉኮስ ሰንሰለት ናቸው፤ የሚለያዩት በአያያዛቸው ነው። የስታርች ሰንሰለት፣ በተለይ አሚሎስ የሚባለው፣ እንደ ሽቦ ጥምዝ ይጠቀለላል። አዮዲን በጥምዙ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይወጣል። በሴሉሎስ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ አዮዲኑ የሚገባበት ጥምዝ የለም። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ደግሞ ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ትስስር ተጣብቀው ጠንካራ ክር ይሆናሉ። ታንኳ በጣና ላይ እንደ አጥሚት የማይሟሟው ለዚህ ነው። እንጀራን የሚቆርጠው የምራቃችን ኢንዛይም ደንገልን አይነካውም። በሬም ቢሆን ሣሩን የሚፈጭለት በጨጓራው የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው።

የዘጌዋ፦ መምህር፣ ይጠንቀቁ፤ የደንገል ሥር ስታርች ያከማቻል፣ ሊጠቁር ይችላል። ለንጹሕ ሴሉሎስ ጥጥ ይሻላል። ጋቢዎ ላይ ግን እንዳይሞክሩት፣ አይለቅም።

ጡረተኛው ኬሚስት፦ ትክክል ነሽ እኅቴ፣ እኔ ዘልዬው ነበር።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ቅባት ቀላል ነው፤ የኑግ ዘይትና ውኃ በወረቀት ላይ ለየብቻ ጠብ ያድርጉና ወደ ብርሃን ያሳዩ፤ ውኃው ይደርቃል፣ ዘይቱ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ለፕሮቲን የመዳብ ሰልፌትና ኮስቲክ ሶዳ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣሉ፤ ሶዳው ቆዳ ስለሚያቃጥል እርስዎ ብቻ ይያዙት። ካልተገኘ በጥሬ ዓሣ ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ አሲዱ የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚፈታው ሥጋው ሳይበስል ነጭ ይሆናል። ለዲኤንኤ ሙዝ ፈጭተው በጨውና በፈሳሽ ሳሙና ያሹ፣ ያጥልሉ፣ ከዚያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ አልኮል በቀስታ ከላይ ያፍስሱ። ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ያፈርሳል፤ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ ክር ይወጣል።

አልፎ ሂያጅ፦ አልኮሉ አረቄ ቢሆንስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ውኃው ይበዛበታል፤ ከመድኃኒት ቤት ጠንካራውን ይግዙ። ክሩም ንጹሕ ዲኤንኤ እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮቲንና ፔክቲን (የፍሬውን ሕዋሳት የሚያያይዘው ነገር) ተቀላቅሎበታል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ ለሐሙስ የደንገሉን ሥር ነቅሎ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ።