ጅማ ሆኜ ለፈረንሳይኛ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፣ የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ጅማ ነው። ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ፈተና አዲስ አበባ ሄጄ በኤ1 ማለትም በጀማሪ ደረጃ ልወስድ ነው። ፎርም መሙላቱና ፖስት ካርድ መጻፉ አያስጨንቀኝም። የጨነቀኝ ንግግሩ ነው። ማለፊያው ከ100 50 ቢሆንም፣ ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ እንኳ ከ25 ከ5 በታች ካመጣሁ ወደቅኩ ማለት ነው።

ፈታኙ መጀመሪያ ስለራስህ ይጠይቅሃል፣ ቀጥሎ ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች አንስተህ አንተ ትጠይቀዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሻጭና ገዢ ሆናችሁ ታወራላችሁ። እዚህ ጋ ነው የምጠፋው። ዋጋ ስሰማ እደነባበራለሁ። 75ን «ስዋሳንት ካንዝ» ይላሉ፣ ስልሳ አስራ አምስት እንደማለት፤ እኔ ስልሳውን ይዤ ስቀር ሰውየው ወሬውን ጨርሷል። 90 ሲመጣማ አራት ሃያ አስር ነው፣ በቃ። ትናንት ማታ አንድ ቅጂ አስር ጊዜ ሰምቼ ዋጋውን የያዝኩት ሁለቴ ብቻ ነው።

ጅማ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚችል፣ በሳምንት አንዴ ቡና እየጠጣን ሊያናግረኝ የሚፈቅድ ሰው አለ? ካልሆነም በቴሌግራም ድምፅ እንላላክ። የተፈተናችሁ ደግሞ፣ ቁጥሩን እንዴት ለመዳችሁት? ፈታኙን «ይድገሙልኝ» ማለትስ ነጥብ ያስቀንሳል? በናታችሁ መልሱልኝ።