የቅልጥም ክፍት ስብራት፦ የፕላስቲክ ሐኪም ምን ሊያደርግ ነው?

ታላቅ ወንድም
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በሞተር ሲሄድ የጭነት መኪና ገጭቶት ቅልጥሙ ተሰብሯል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። በሪፈር አዲስ አበባ ገባን። በዚያው ሌሊት ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ቁስሉ ተጸዳ፣ ከውጭም ብረት ታሰረለት። አለቀ ብዬ እፎይ ስል ዛሬ ጠዋት ራውንድ ላይ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ ይየው» ተባባሉ። ግራ ገባኝ። እኛ የፈለግነው እንዲራመድ እንጂ እንዲያምር አይደለም! ብረቱስ ለምን አንደኛውን ውስጥ አልገባም? ካርዱ ላይ «ጉስቲሎ ስሪ ቢ» ይላል፤ ምን ማለት ነው? አጎታችን ደግሞ አስወጥተን ወጌሻ ጋ እንውሰደው እያለ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ባለ ክራንች
አጎትህን በአክብሮት እምቢ በለው። ወጌሻ ለወለምታ ይሁን። አየር ያየ አጥንት በቅቤና በቀርከሃ አይድንም። በቃ፣ ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩህ።

ሲስተር መ.
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። መሣሪያ የማቀብለው እኔ ስለሆንኩ የአጥንቱና የፕላስቲኩ ሐኪም ሲከራከሩ መሃል ቆሜ ነው የምሰማው።

እጅህን ቅልጥምህ ፊት ላይ አሳርፈው። ቆዳ፣ ከሥሩ ወዲያው አጥንት። ሥጋው ያለው ከኋላ ባቱ ላይ ነው። ስለዚህ የፊቱ ቆዳ ከተገሸለጠ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ራቁቱን የቀረ አጥንት ይደርቃል፣ ያመረቅዛል፤ ያኔ ምንም ዓይነት ብረት ቢገባበት አይገጥምም። ስሪ ቢ ማለት ይኸው ነው፦ አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ይህን ሥጋ ፍላፕ እንለዋለን፤ የሚሠራውም የፕላስቲኩ ሐኪም ነው። ጉስቲሎ ፊሊፒንስ ተወልዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሠራ የአጥንት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከአንደርሰን ጋር ሆኖ ክፍት ስብራትን በደረጃ ከፋፈለ፤ «ቢ» የምትለዋ በ1984 ነው የተጨመረችው።

ማጽዳት ሲባል ማጠብ ብቻ እንዳይመስልህ። ሐኪሙ ጡንቻውን በፒንሰት ቆንጠጥ ያደርገዋል። በሕይወት ያለው ይኮማተራል፣ ሲቆረጥም ይደማል። የሞተው ዝም ይላል፤ ተቆርጦ ይወጣል። ከሥጋ የተላቀቀው የአጥንት ስባሪም ይለቀማል። ከዚያ ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ በብዙ ሊትር ይፈስበታል። ወለሉ ረግረግ ነው የሚሆነው፤ የምንወለውለው እኛ ነን።

ፕላስቲኩ እዚህች ሰዓት ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል። የውጭ ብረቱን ሚስማር የሚተክለው የአጥንቱ ሐኪም ነው፤ ለአጥንቱ የሚመቸውን ቦታ ይመርጣል። በማግስቱ ፕላስቲኩ ይመጣና «ይቺ ሚስማር እኮ ፍላፑ የሚዞርበት መንገድ ላይ ናት» ይላል። ቁስሉን ለማስፋት የሚቀደደው መስመርም እንደዚያው ነው። ትንሽ ከተሳተ ለቆዳው ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ይቆረጣሉ፤ ፕላስቲኩ የሚሠራበት ቆዳ ያጣል። ቀን ሲቀናን ሁለቱም አብረው ታጥበው ይገባሉ። አንዱ በማርከር ያሰምራል፣ ሌላው «ሚስማሬን ከዚህ ከፍ ላድርጋት?» ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽህም። አንዳንዴ በማይክሮስኮፕ የሚሰፋው ሐኪም ሌላ ሆስፒታል ነው ያለው፣ አንዳንዴም ተራ የለም።

ጉዳቱ ከጉልበት ሥር ከሆነ የባት ጡንቻ ወደ ፊት ይዞርና በላዩ ከጭን ስስ ቆዳ ይለጠፋል። ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ ግን የሚዞር ጡንቻ እንደልብ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ከጭን ወይም ከጀርባ ተቆርጦ ይመጣና የደም ሥሩ እዚያ ካለው ጋር ይሰፋል። ሰዓታት ይፈጃል። አንስቴዢያ የሚሰጡትም ያን ሁሉ ሰዓት ግፊቱ እንዳይወርድ፣ ልጁም እንዳይበርደው ይታገላሉ። እነሱን ማንም አያመሰግንም፣ አንተ አመስግናቸው።

ብረቱ ውስጥ ያልገባውም ለዚሁ ነው። ሽፋን ሳይኖር ብረት መቅበር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። የውጩ ብረት ጊዜ መግዣ ነው።

ሐበሻ ከእንግሊዝ
ሲስተር ልክ ናቸው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እዚህ አገር መመሪያው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሽፋኑ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይላል። የሁለቱም ክፍል ስፔሻሊስቶች አብረው እንዲያቅዱም ያዛል። 72 የምትለዋ ስሟ የተነሳው በስሎቬንያዊው ማርኮ ጎዲና ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የ532 ሕመምተኞችን ውጤት አሳትሞ፣ ቶሎ የተሸፈነው የተሻለ እንደሚድን አሳየ።

ታላቅ ወንድም
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጎቴ ለጊዜው ዝም ብሏል። ግን 72 ሰዓት ሲባል ደነገጥኩ። እኛ መንገድ ላይ ብቻ አንድ ቀን ፈጅተናል። አለፈብን ማለት ነው?

ሲስተር መ.
አይዞህ፣ አላለፈም። ሲዘገይ ሥራው ይከብዳል፣ ኢንፌክሽኑም ያሰጋል፤ ግን ደጋግሞ እየተጸዳ ይሸፈናል። ነገ የአጥንቱን ሐኪም ሁለት ነገር ጠይቀው፦ «ሽፋኑ መቼ ነው? የውስጡ ብረትስ አብሮ ነው የሚገባው?» በጨዋ ደንብ ጠይቅ እንጂ አትፍራ፣ መብትህ ነው። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ለጋሽ ዘመድ ከአሁኑ አነጋግር። ልጁ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም፤ የደም ሥር ያጠባል፣ ፍላፑን ይገድለዋል። ከኦፕሬሽን በኋላ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ አልብሱት። አስታማሚው የፍላፑን ቀለም ይከታተል። ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ቀስቅሱ። ራውንድ እስኪደርስ እንዳትጠብቁ።