የነሐሴ 16 ጉብኝት፦ የሴንት ፖል የንስርና የጉጉት ማገገሚያ፣ ረቂቅ 2

የወጣቶች ተጠሪ፦ 38 ልጅ፣ 9 ወላጅ፣ አንድ አውቶቡስ፣ ከካዝና 900 ዶላር። መድረሻ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ራፕተር ሴንተር። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ንስር፣ ጭልፊትና ጉጉት ያክማል። ዳክዬና እርግብ አይቀበልም፤ እነሱ ሮዝቪል ወዳለው ሌላ ማገገሚያ ነው የሚወሰዱት። ዓላማው በስብሰባው እንደተወሰነው ነው፤ ልጆቹ የወደቀ ወፍ ሲያገኙ የሚያደርጉትን እንዲያውቁ።

ሒሳብ ያዥ፦ የፖም ለቀማው ደረሰኝ ገና አልገባም። 900 ለምን ለምን?

የወጣቶች ተጠሪ፦ አውቶቡስ 520። ቀሪው መግቢያና ለማዕከሉ የምንወስደው ዕቃ፤ የወጥ ቤት ሶፍት፣ በረኪና፣ አሮጌ አንሶላ። ከመግዛታችን በፊት የሚፈልጉትን እንጠይቅ። ፎጣ ከሆነ ክሩ የተነሳ አይሁን፤ የወፎቹ ጥፍር ይያዝና ሲታገሉ ጣታቸው ይጎዳል።

እናት 1፦ የታመሙትን ያዩዋቸዋል?

የወጣቶች ተጠሪ፦ አያዩም። በሕክምና ላይ ያለ ወፍ ለሕዝብ እንዳይታይ የፌደራል ሕግ ይከለክላል። ጫጩት ሰው እያየ ካደገ ሰውን ወገኑ ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ዱር መልቀቅ አይቻልም። የሚታዩት ለማስተማሪያ የቀሩት ናቸው።

የምግብ ኮሚቴ፦ ነሐሴ 16 ጾም የሚፈታበት ነው። 12 ዶሮ ይበቃል?

የብሩክሊን ፓርክ አባል፦ ዶሮ ወጥ ይዘን የወፍ ሆስፒታል? አታሳፍሩን።

የምግብ ኮሚቴ፦ ንስሩ ሽሮ የሚበላ መሰለህ? የሚቀርብለት አይጥና ድርጭት ነው።

የብሩክሊን ፓርክ አባል፦ ንስሩ ፌስቡክ ላይ አይወጣም! ልጆቹ «ወፍ ይዳን» ተብለው ቅልጥም ሲግጡ ፎቶ ይነሳሉ።

ሒሳብ ያዥ፦ በረቂቁ ምሳ የሚባል የለም።

ጋሼ (የቀድሞ ሰብሳቢ)፦ 15 ቀን የጾመን ልጅ በፍስኩ ቀን ሽሮ አብላ ያለው ማነው?

እናት 2፦ ግማሹ ዶሮ ግማሹ ምስር ቢሆንስ?

የምግብ ኮሚቴ፦ በክትፎውም ያበጣበጠን ይኸው ሰው ነው። እኔ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ዶሮ ካነሳችሁ ዋናውን ስሙ። ግቢያችሁ ዶሮ ያላችሁ፣ ዶሮ ቤት የገባችሁበትን ጫማ አድርጋችሁ አትምጡ። ከ2022 ጀምሮ እዚህ አገር የተዛመተው የወፍ ጉንፋን በኩስ በኩል በጫማ ይጓዛል። ላባም ከመሬት አይነሳ፤ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ ያንንም ይከለክላል።

እናት 1፦ የወደቀ ላባም? ጉድ ነው። የወደቀውን ጫጩትስ ምን እናድርገው?

የወጣቶች ተጠሪ፦ ላባ አብቅሎ የሚፈናጠር ከሆነ ተዉት፣ ወላጆቹ እዚያው ይመግቡታል። ራቁቱን ከሆነ ወደ ጎጆው ይመለስ፤ ሰው ነካው ብላ እናቱ አትተወውም። የቆሰለውን ቀዳዳ ባለው ካርቶን፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡና ደውሉ። ዳቦና ወተት አይሰጥ። ውኃ በአፉ አታንጠባጥቡ፤ የአየር መግቢያው ምላሱ ሥር ላይ ስለሆነ ሳንባው ይገባል። ንስርና ጉጉት ከሆነ እጃችሁን አታስገቡ፣ ጥፍሩ ያደማል። ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጃለሁ፣ 50 ቅጂ የሚያትም?

ተማሪ፦ እኔ አትማለሁ።

ጋሼ፦ ሌሊቱን ቅዳሴ የቆመ ሰው በጠዋት አይሳፈርም። ከቀትር በኋላ ይሁን። የሚያጣላው ምሳም ኮሞ ፓርክ ይሁን፣ ለማዕከሉ ቅርብ ነው፣ መካነ እንስሳቱም መግቢያው በፈቃደኝነት የሚሰጥ መዋጮ ነው።

የምግብ ኮሚቴ፦ ኮሞ ከሆነ ተመልሻለሁ። 16 ዶሮ።

የብሩክሊን ፓርክ አባል፦ ኮሞ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ይቅርታ እህቴ፣ ክትፎውን አላነሳሁም ነበር።

እናት 2፦ ኮሞ ከሄድን አይቀር ሙሉ ቀን እንዋል። አንበሳም አለ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ንስሮቹስ?

ጋሼ፦ ጊዜ ከተረፈ። ዕቃውን ሁለት ሰው በመኪና ያደርሳል።

ሒሳብ ያዥ፦ ዶሮና እንጀራ ሲጨመር 1,310 ደርሷል፣ የተፈቀደው 900 ነው። የአውቶቡሱ ቀብድ እስከ ዓርብ ነው። ወደ ማዕከሉ ደውሎ ቦታ ያስያዘ አለ? 50ው ቅጂስ?

እናት 1፦ ያ ተማሪ ከግሩፑ ወጥቷል መሰለኝ።

የምግብ ኮሚቴ፦ ሽንኩርት የሚከትፉ አራት ሰዎች ስም ስጡኝ። ዓርብ ማታ፣ የየራሳችሁን ቢላ ይዛችሁ።