አዲሱ ታንግ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ኢክ (የነጭ ነጥብ በሽታ) ነው ወይስ ሌላ?

ሞገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቢጫ ታንግና ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ የባህር ዓሦች ከገዛሁ ሳምንት ሊሞላ ነው። ሦስቱም ለይቶ ማቆያ ውስጥ ናቸው። ገንዳው 80 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋም ድንጋይም የለውም። መደበቂያ እንዲሆናቸው የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጮች አስገብቻለሁ። ዋናው አኳሪየሜ ኮራል ስላለው አዲስ ዓሣ በቀጥታ አላስገባበትም።

ሲመጡ ደህና ነበሩ። ታንጉ የመጣ ዕለት ነው የባህር አረም መብላት የጀመረው። ከትናንት ጠዋት ወዲህ ግን ሁኔታው ተቀየረብኝ። ፓምፑ ፊት ሄዶ ውሃው የሚገፋበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ አይነቃነቅም። መብራት ሳበራ ሮጦ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ስንጥቡ ያለ እረፍት ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ጎኑ ላይ ነጭ ነገር አለ። ግን አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ነጥብ አይደለም፤ በጣም ደቃቅ ነው። ከፊት ለፊት ስመለከተው አይታየኝም። ባትሪ ከጎን ሳበራበት ብቻ ነው ቆዳው ላይ ብናኝ የተነሰነሰበት የሚመስለው። ከክላውኖቹ ትንሹ ደግሞ ምግብ ትቷል። ከጭንቅላቱ ኋላ ቆዳው ደብዝዟል፣ ነጣ ያለ ልጋግም አለው። ትልቁ እስካሁን ይበላል።

ሙቀቱ 26 ዲግሪ፣ የውሃው ጨው የሚለካበት ስፔሲፊክ ግራቪቲው 1.025 ነው። እጄ ላይ ኩፕራሚን የሚባል የመዳብ መድኃኒት አለ። እሱን ልጨምር ወይስ የውሃውን ጨው ልቀንስ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሰማያዊ፦

አይዞህ፣ ኢክ ነው። አዲስ ታንግ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ሌላ ምን ይሆናል? ስፔሲፊክ ግራቪቲውን ቀስ እያልክ ወደ 1.009 አውርደው። ነጭ ሽንኩርት ጨምቀህም ምግቡን ንከርበት። የእኔ ታንግ በዚህ ነው የዳነው፤ ነጥቡ በአምስት ቀን ሙልጭ ብሎ ጠፋ። መድኃኒት ለዓሣ ከባድ ነው፣ ባትቸኩል ይሻላል።

ጨው ውሃ፦

ሞገድ ወንድሜ፣ ጨዉን አትንካ። መጀመሪያ አሞኒያ ለካ። አሁኑኑ። አዲስ የተቋቋመ ገንዳ ውስጥ ማጣሪያው ገና ባክቴሪያ ካልያዘ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል። አሞኒያ ስንጥብ ስለሚያቃጥል ዓሣው ልክ አንተ እንደጻፍከው ይተነፍሳል። አሞኒያ ካገኘህ ውሃ ቀይርለት እንጂ አሞኒያ የሚያስር መድኃኒት አትጨምር። እነዚህ ነገሮች ከኩፕራሚን ጋር ሲገናኙ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ያደርጉታል። ነገ ኩፕራሚን ልትጠቀም ከሆነ ዛሬ ይህን ማወቅ አለብህ።

አሞኒያው ዜሮ ከሆነ ግን ነጥቡን ተወውና አተነፋፈሱን ተመልከት። ለእኔ ዋናው ምልክት እሱ ነው። ኢክ የያዘው ታንግ የጨው ቅንጣት የሚያክሉ፣ ቁጭ ብለህ ልትቆጥራቸው የምትችላቸው ነጥቦች ይወጡበታል። ሰውነቱን ከቱቦና ከመስታወት ጋር ያሻሻል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አይተውም። አንተ የጻፍከው ሌላ ነው። ፓምፕ ፊት መቆም፣ ብርሃን መሸሽ፣ ምግብ መተው፣ ከጎን በባትሪ ካልሆነ የማይታይ ብናኝ። ይህ ቬልቬት የሚባለው የተህዋስ በሽታ ነው የሚመስለኝ፤ በሳይንስ ስሙ አሚሎዲኒየም ይባላል። ቬልቬት የሚጀምረው ከስንጥብ ነው። ቆዳ ላይ ሲታይ ስንጥቡን አስቀድሞ ጎድቶታል። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይበት የሚሞትም አለ።

ጨው አትቀንስ ያልኩህም ለዚህ ነው። 1.009 ላይ የኢክ ተህዋስ ይፈነዳል፤ ቬልቬት ግን ምንም አይሆንም። እሱ በዝቅተኛ ጨው ውስጥም ይኖራል። ኢክ ሳምንታት ይሰጥሃል። ቬልቬት በሁለት በሦስት ቀን ገንዳውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

የሚያሳስበኝ ትንሹ ክላውን ነው። ከዱር በመጣ ክላውንፊሽ ላይ ልጋጉ ተልጦ የሚንጠለጠል ከሆነ ብሩክሊኔላ የሚባል በሽታም አለ። እሱን ኮፐር (እንደ ኩፕራሚን ያለ የመዳብ መድኃኒት) አይነካውም። መድኃኒቱ ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ደግሞ ጓንት ተደርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ውሃው ውስጥ አየር በደንብ እየተነፋ ነው የሚሠራበት። ለሰውም መርዝ ነውና። ቬልቬትም ቆዳ ያደበዝዛል፣ ልጋግ ያበዛል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይተህ ይህ ነው ብለህ አትቁረጥ።

ዛሬ ማታ ጊዜ ለመግዛት ጨው በሌለው ውሃ ንከራቸው። ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ፣ ጠቆር ባለ ባልዲ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን። ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) በቤኪንግ ሶዳ አስተካክል። ከመጀመርህ በፊት አየር ንፋበት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ራቅ ብለህ አትሂድ፣ አጠገባቸው ቁም። ታንግ መጀመሪያ ላይ ይደነግጣል፣ በጎኑ ሊተኛም ይችላል። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ ወዲያው አውጣው። ባልዲው ጠቆር ያለ ይሁን ያልኩት ለምክንያት ነው። ዓሣው ላይ ፍሉክ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል ካለ ነጭ ሆኖ ወድቆ ታየዋለህ። መንከሩ ቬልቬትን አያድንም፤ ከስንጥቡ ላይ የተወሰነውን አራግፎ ትንሽ እንዲተነፍስ ያደርገዋል።

ሰማያዊ፣ ያንተ ታንግ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ነጥቡ ግን በነጭ ሽንኩርት አይደለም የጠፋው። የኢክ ተህዋስ ዓሣው ላይ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይከፋፈልና በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይለቃል። እነሱ ደግሞ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። በአምስት ቀን የጠፋ ነጥብ ብዙ ጊዜ ሳምንትም ሦስት ሳምንትም ቆይቶ በብዛት ይመለሳል። የአንተ ካልተመለሰ ዓሣው ራሱ ተቋቁሞታል ማለት ነው። ኮራል ያለበት አኳሪየም ውስጥ ከሆነ ግን አሁንም ዓይንህ አይለየው።

ሰማያዊ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ልክ ነሽ፣ ከወር በኋላ ሁለት ሦስት ነጥብ አይቼበት ነበር። ሞገድ፣ ጨዉን እንዳትነካው።

ሞገድ፦

አሞኒያው ዜሮ ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሦስቱንም ነከርኳቸው፤ ባልዲው ውስጥ ምንም ትል አልወደቀም። ታንጉ ከወጣ በኋላ አተነፋፈሱ ትንሽ ረገብ ብሏል። ትንሹ ክላውን ግን ሌሊቱን አላደረም፣ አሁን ሞቶ አገኘሁት። በጣም አዝኛለሁ። አሁንም ኮፐር ይሁን ፎርማሊን አላወቅሁም። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ ሱቅ ውስጥ እኮ ጤነኞች ነበሩ፣ ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌንስ፦

የሞተውን እንዳትጥለው! ማይክሮስኮፕ አለህ? የልጆች ትምህርት ቤት ዓይነቱም ይበቃል፤ 100 ጊዜ ካጎላ ሌላ አያስፈልግህም። ነገር ግን ፍጠን። ዓሣው ከሞተ ብዙ ከቆየ ተህዋሶቹ ጥለውት ይሄዳሉ።

የስንጥቡን ክዳን በትንሽ መቀስ ቁረጠው። ከውስጡ ቀይ የሆነውን ለስላሳ ክር መሰል ነገር ጫፉን ብቻ ውሰድ። መስታወቱ ላይ ከራሱ ከገንዳው ውሃ አንድ ጠብታ ጨምርበትና ሸፍነው። የቧንቧ ውሃ ካደረግህበት የምትፈልገው ነገር ይፈነዳል።

የምታየውን ልንገርህ። ስንጥቡ ላይ ተጣብቀው የቀሩ፣ የማይንቀሳቀሱ፣ ጠቆር ያሉ ክብ ወይም ሞላላ ነገሮች ካየህ ቬልቬት ነው። ትልቅ ክብ ሆኖ በቀስታ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ከሆነ ኢክ ነው። ኩላሊት የሚመስል ቅርጽ ያለው፣ ወዲያ ወዲህ እየተሯሯጠ ከዓይንህ የሚያመልጥ ከሆነ ብሩክሊኔላ ነው። ቅርጹን ብትረሳ እንኳ እንቅስቃሴውን አትርሳ።

ሞገድ፦

የልጄን ማይክሮስኮፕ ተጠቀምኩ። አየሁት! የስንጥቡ ክር ዳር ዳር ላይ ጠቆር ያሉ ሞላላ ነገሮች በተርታ ተጣብቀዋል። ረጅም ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁ፣ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ክሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው አብረውት ይወዛወዛሉ እንጂ አይለቁም። የሚሯሯጥ ነገር የለም። ከቆዳው ልጋግም ወስጄ አየሁ፤ እዚያም እነሱው ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው።

ሌንስ፦

ቬልቬት ነው። ተጣብቆ አብሮ መወዛወዙ ራሱ ይናገራል፤ ሥር መሰል ነገር አውጥቶ ነው ስንጥቡን የሚይዘው። በርታ፣ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግኸው።

ጨው ውሃ፦

ለትንሹ ክላውን አዝናለሁ። ግን በእሱ ምክንያት የቀሩት ሁለቱ ዕድል አገኙ። አሁን ኮፐሩን ጀምር።

ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ አውጣ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ኩፕራሚን በመመሪያው መሠረት ግማሹ መጀመሪያ፣ ቀሪው ከ48 ሰዓት በኋላ ይጨመራል። የምትደርስበት መጠን 0.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ተህዋሱ ይኖራል፣ ብዙ ካለፈ ዓሣውን ይመርዘዋል። ስለዚህ በየቀኑ ለካ። በቀለም የሚነበበው መለኪያ በዚህ መጠን ላይ ዓይን ያታልላል፤ ዲጂታል ብታገኝ በጣም ይሻላል። አንድ ነገር አደራ፦ ኮፐር ፓወር የሚባለውና መሰሎቹ ሌላ ዓይነት ናቸው፣ እነሱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም በሊትር ይፈልጋሉ። የእነሱን ቁጥር ለኩፕራሚን ብትጠቀም ዓሦቹን በአንድ ሌሊት ልትገድላቸው ትችላለህ። ሁለቱን መቀላቀልም አይታሰብም።

ውሃ ስትቀይር አዲሱን ውሃ ቀድመህ ተመሳሳይ የኮፐር መጠን ላይ አድርሰው። መጠኑ አንድ ቀን እንኳ ከወረደ ቆጠራውን ከዜሮ ጀምር። ሳይወርድ 14 ቀን ከቆየ በኋላ ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደቆየ ሌላ ገንዳ አዛውራቸው። ሌላ ገንዳ ከሌለህ እዚያው 30 ቀን ይቆዩ። ታንግ ኮፐር ውስጥ ሲገባ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ለአንድ ሁለት ቀን ከሆነ አትደንግጥ። ጨርሶ ከተወ ግን መጀመሪያ መጠኑን ለካ።

ሱቅ ውስጥ ጤነኛ ነበሩ ላልከው፣ ብዙ የዓሣ ሻጮች ውሃቸው ውስጥ ትንሽ ኮፐር ያኖራሉ፣ ጨዉንም ዝቅ ያደርጋሉ። ያ ተህዋሱን አይገድለውም፤ አፍኖ ብቻ ያቆየዋል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ በሽታው ከቀናት በኋላ ብቅ ይላል። የለይቶ ማቆያ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ይህ ሁሉ ኮራሎችህ መሃል ቢሆን ኖሮ ኮፐር መጨመር አትችልም ነበር። ኮራልም ሽሪምፕም ቀንድ አውጣም አይተርፉም ነበር።

ሞገድ፦

የመጀመሪያውን ግማሽ አሁን ጨመርኩ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ሌንስም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለይቶ ማቆያው ከዋናው አኳሪየም ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መረቡ የየራሳቸው ነው፣ ቱቦውም እንደዚያው። ይበቃል?

ጨው ውሃ፦

መረብና ቱቦ መለየትህ ግማሹን ጨርሷል። የቀረው እጅህና አየሩ ነው። ሁልጊዜ ዋናውን አኳሪየም ቀድመህ አብላ፣ ከዚያ የታመሙትን። ከእነሱ በኋላ እጅህን እስከ ክንድህ ታጠብና በደንብ አድርቅ። ቬልቬት የአየር መንፊያው በሚረጨው ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ጭምር ይሻገራል። ስለዚህ ከተቻለ ሌላ ክፍል ውሰደው፤ ካልሆነ ሦስት ሜትር ያህል አርቀውና ሁለቱንም ክደናቸው። ሞገድ፣ ዋናው አኳሪየም ውስጥ ያሉትን ዓሦችም መብራት ከመብራቱ በፊት በባትሪ ከጎን እያቸው። ፓምፕ ፊት የቆመ ካለ ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ።